ከግድግዳችን ሥር ስለተከመረው የኅዳር ቆሻሻ

ኅዳር 11 ቀን 1988 ዓ.ም.
ላፍቶ፣ ፊታውራሪ እንግዳ ግቢ

ለተከበሩ አቶ መኩሪያ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለባለቤትዎም ለልጆችዎም ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ዘንድሮ ያስገነቡት የብሎኬት ቤትም ግድግዳው ሳይሰነጠቅ፣ ጣሪያው ሳያፈስ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ከልቤ እመኛለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ መጻፌን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ስሕተት ቢያገኙ ይቅር ይበሉኝ፤ በኩራዝ ብርሃንም ስለምጽፍ ፊደሉ ካልተነበበልዎ አጠገብዎ ያለ ሰው ያንብብልዎ።

ስሜ ጸደንያ ማናዬ ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ፊታውራሪ እንግዳ ከጣሊያን በፊት ባሠሩት አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ በምድር ቤቱ በስተጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። እናቴ ወርቅዬ ወንድሜን ከወለደች ዛሬ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኗ ሲሆን፣ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ሰው ካልደገፋት አትቆምም። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወደ አሰብ ከሄደ ሳምንት አልፎታል። ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ነገሬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ቤታችን ታሪካዊ ነው ብለው በራፉ ላይ ማስታወቂያ ስላስለጠፉልን እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አባቴ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ጭቃና ጭድ ያቦካና፣ የተሰበረ ጠርሙስ ጨምሮበት የአይጥ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍን ነበር። አሁን ግን ሚስማር መምታት፣ ግድግዳ መለሰን፣ ቀዳዳ መድፈን ስለተከለከለ፣ ሁለት ክረምት ያለፈበት ግድግዳችን በታሪካዊ ቀዳዳዎቹ እንደ ተከበረ አለ። በእኛ ክፍል ብቻ ዐሥራ አንድ ቆጥሬአለሁ። ኮርኒሱ የድሮ አቡጀዴ ስለሆነ አይጦቹ ሲሮጡበት የእያንዳንዱ ሆድ ከታች ይታያል፤ ስፌቱም በአንድ በኩል ስለተተረተረ፣ እንዳይወድቁበት ብዬ ከሕፃኑ በላይ የአባቴን ጃንጥላ ዘርግቼ አስሬአለሁ።

ጎረቤታችን እማማ ሐሚዳ እኔ መናገር እንዳቃተኝ አይተው በሦስተኛው ቀን አብረውኝ ወደ ቢሮዎ በመጡ ጊዜ፣ ጸሐፊዎ አቶ አስረስ «ቤቱ ቅርስ ነው እናቴ፤ ቅርስ አይለሰንም» አሏቸው። እማማ ሐሚዳ «አይጡስ?» ሲሏቸው «እሱም የቆየ ነው» ብለው መለሱ፤ ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም እንደ ሰው ልሳቅ ብዬ ሞክሬ ነበር።

2ኛ. በመስከረም ወር በነፍስ ወከፍ ስላደሉን የአይጥ መርዝም ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። መርዙ ከአይጥ አንዷን ገደለ፤ የእማማ ሐሚዳ ድመት ደግሞ ያችኑ አይጥ በላችና በማግሥቱ ከደረጃው ሥር ደርቃ ተገኘች። በግቢው ውስጥ የነበረችው ድመት እሷ ብቻ ነበረች፤ ቅርስ ስላልሆነች ግን የሚጠይቅላት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ድመት የሚያውሰን ጠፍቷል።

3ኛ. ነገ ኅዳር ሲታጠን ነው። ወላጆቻችን ያን የጥንቱን በሽታ ለማባረር ኅዳርን ያጥኑ የነበሩት እያንዳንዱ ሰው በየደጁ የጠረገውን ጥቂት ቆሻሻ እያቃጠለ ነበር። እርስዎ ግን ይህ ሥርዓት የጎደለው መሆኑን ተመልክተው፣ ከወረዳ የሚመጡት እንግዶችም በአንድ ቦታ ትልቅ እሳት እንዲያዩ አስበው፣ ኅዳር 2 ቀን በድምፅ ማጉያ የቀበሌው ቆሻሻ በሙሉ ወደ ታሪካዊው ግቢ ይምጣ ብለው አሳወጁ። የግቢው ፊት ለወንበርና ለድንኳን ስለተፈለገ፣ ቆሻሻው ከበሩ ሲገቡ እንዳይታይ ከቤቱ ጀርባ ይከመር ተባለ። ከቤቱ ጀርባ ያለነው እኛ ነን።

ክምሩ ዛሬ ከመስኮታችን በላይ ሆኗል። ገለባ አለ፣ የተቀደደ ፍራሽ አለ፣ የበግ ቆዳ አለ፣ ሦስት የመኪና ጎማም አለ። በክምሩና በግድግዳችን መካከል ያለው በእኔ እርምጃ አንድ ተኩል ነው። መስኮቱ ስለተጋረደብን በቀን ኩራዝ እናበራለን።

4ኛ. የቀበሌው ቆሻሻ ሲመጣ የቀበሌው አይጥም አብሮ መጥቷል፤ ማረፊያውን በክምሩ፣ ምግቡን በእኛ ቤት አድርጓል። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ እናቴ እንቅልፍ ሲወስዳት እኔ ውሃ ልቀዳ ወደ ቦኖ ሄድኩ። ስመለስ ተረከዟ ደምቶ አንሶላውን አርሶት አገኘሁ፤ እሷ ግን ምንም አልሰማችም ነበር። የሕፃኑም መጠቅለያ ወተት የፈሰሰበት ጫፉ ተበልቷል፤ ከጫፉ እስከ ጣቱ የቀረው ከአንድ ጋት ያነሰ ነው። አይጥ እፍ እያለች ትበላለች ይባላል፤ የተኛውን ሰው እንዳያመው እየነፋች፣ እያባበለች። በራፋችን ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፤ አጻጻፉ በጣም ለስላሳ ነውና። ከእሑድ ጀምሮ ከሕፃኑ አጠገብ መጥረጊያ ይዤ እቀመጣለሁ። ውሃ የሚቀዱልን እማማ ሐሚዳ ናቸው።

5ኛ. ይህኛውን ስጽፍ ከሁሉም የበለጠ ስለምፈራ በትዕግሥት ይመልከቱልኝ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት ትናንት በጣቴ ስነካው ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ። ከላይ ቀለሙ አለ፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ማገሩም እንደዚያው ነው፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከእኛ በላይ ያለው ወለል ሳንቃ ነው፣ ከሳንቃው ሥር ደግሞ ያ አቡጀዴ አለ። ሦስት ጎማ ከዚህ ግድግዳ አጠገብ ሲነድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሰባተኛ ክፍልን መጨረስ አያስፈልግም።

ይህንኑ ዛሬ ጠዋት ለአቶ አስረስ ራሴ ነገርኳቸው። ድምፄ ስላልወጣ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። እሳቸውም «አይዞሽ፣ ጭሱ ለአይጡም መድኃኒት ነው» ካሉኝ በኋላ፣ እናቴ አራስ መሆኗን ስነግራቸው «እንዲያውም! አራስ ጢስ ትሞቅ የለ? ቀበሌው በነፃ አሞቃት በያት» አሉኝ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል። ቀበሌው ለአራሶች ይህን ያህል ማሰቡን እስከ ዛሬ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሳቱን እርስዎ ራስዎ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት እንደሚለኩሱ ተነግሮናል። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ በዚያ ሰዓት ታቦቱ ስለሚወጣ የግቢው ወንዶች ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ባልዲ የሚያነሣ የለም። ታዲያ እናትሽን ይዘሽ ውጪ ይሉኝ ይሆናል። እማማ ሐሚዳ ከግቢው ማዶ ባለችው የድንጋይ ክፍላቸው አልጋቸውን ለቀውልን ነበር። እናቴ ግን «ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ይዤ ደጅ አልወጣም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን መሃል? ሞቼ ነው!» ብላ መለሰች። እማማ ሐሚዳም «ወርቅዬ፣ ዓይን ያቃጥላል እንዴ? እሳት ነው የሚያቃጥለው!» ብለው ተቆጧት፤ አልሰማቻቸውም። እኔ ብቻዬን ልሸከማት አልችልም፤ ወንድሜን ብቻ ይዤ እንዳልወጣም ጡት የምታጠባው እሷ ናት። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አራስ ከአልጋዋ ከምትነሣ ቆሻሻ ከቦታው ቢነሣ ይቀላል ብዬ ብገምት፣ ልጅነቴን ቆጥረው ይለፉኝ።

ይህን ደብዳቤ ቦኖው ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ የምለጥፈው ላሳፍርዎ አስቤ አይደለም። የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ በመስተዋትና በቁልፍ ስለሚጠበቅ፣ ቁልፉንም የያዙት አቶ አስረስ ስለሆኑ ነው።

ስለ ቅርስ ጥበቃዎ፣ ስለ መርዝዎ፣ ስለ ገለባዎና ስለ ጎማዎ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ አንድ ቀዳዳ በአሮጌ ካልሲ እየወተፍኩ ስለሆነ እንዳጎነበስኩ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
ጸደንያ ማናዬ

ግልባጭ፦
ውሃ ለመቅዳት ለተሰለፋችሁ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ለመስጠት ጊዜ ስለማይኖርዎ ነገ የማደርገውን ከወዲሁ ላሳውቅዎ። ነገ ጎህ ሲቀድ እማማ ሐሚዳ ከሕፃኑ አጠገብ መጥረጊያውን ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ ጆንያ ይዤ ክምሩን ከበሩ ውጪ ወዳለው ባዶ ሜዳ ማጋዝ እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ ጎማዎቹን አንከባልላለሁ፣ ቀጥሎ ፍራሹን፣ ከዚያ ገለባውን። ውስጡ ያሉትን አይጦች በጣም እፈራቸዋለሁ፤ ስለዚህ የአባቴን ቦት ጫማ አደርጋለሁ። እስከ ሦስት ሰዓት እንደማልጨርስ አውቃለሁ። እርስዎ እንግዶችዎን ይዘው ሲመጡ በተረፈው ክምርና በግድግዳው መካከል ባለችው አንድ ተኩል እርምጃ ውስጥ እሆናለሁ፤ ከዚያም አልወጣም። ከበሩ በኩል ስለማልታይ፣ ክብሪቱን ከመጫርዎ በፊት እባክዎ አንድ ጊዜ ወደ ክምሩ ጀርባ ዞር ብለው ይመልከቱልኝ።