ጽዋው እኔ ቤት ነው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ሰይፈሚካኤል፣
መንዝ፣ ሞላሌ።

«ይህ ልጅ ስልክ መደወል ምን ከበደው?» ሳይሉ አልቀሩም፤ እማዬም እንደዚያው። እሱን እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ የሞላሌን ብርድ ለመደው ወይ? ዕድሜ ልክ በወንጂ ሙቀት ኖሮ ደጋ መግባት ለአጥንት ቀላል አይደለም። የዓይንዎ ጠብታ አላለቀም? እማዬስ እንዴት ናት? የአክስቴ የእትዬ አሰፋሽ ሳል ተሻላት? ገብሱስ እንዴት ይዟል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ልቤም ደህና ነው ብዬ ብጽፍልዎት ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ሰሞኑን በዝቶብኛል።

ስልኩን የተውኩት ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። የምኖርባት ሰርቪስ ግድግዳዋ ከጋሽ ገብረወልድ ሳሎን ጋር አንድ ነው። እዚህ የምናገረው ሁሉ እዚያ ይሰማል፤ የምነግርዎት ደግሞ ስለ እሳቸው ነው።

ውለታቸውን አልረሳሁም። ከእርስዎ ጋር ወንጂ ፋብሪካ አብረው የሠሩ፣ ክርስትና እንዲያነሱኝ እርስዎ የመረጧቸው ሰው ናቸው። ዲግሪዬን ይዤ አዳማን ከዳር እስከ ዳር ስዞር፣ ቆቃ ሐይቅ ዳር ያለው የሽንኩርት እርሻቸው ላይ ተቆጣጣሪ ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። ለበጋው ከእርሻው ጫፍ ችግኝ የማፈላበት መሬት እንደሚሰጡኝም ቃል ገብተውልኝ ነበር። እኔማ ለችግኝ ጣቢያዬ ስም ሁሉ አውጥቼለታለሁ።

በዚህ ወር መግቢያ፣ እሑድ ማለዳ፣ ልጃቸውን አሳምነውን ፒክአፑን ውኃው ዳር አስጠግቶ አገኘሁት። «መሳይ፣ ና እስቲ አንድ ጊዜ ደግፈኝ። ሞተሩን አባባ ለጥገና ውሰደው ብሎኝ ነው» አለኝ። የመስኖውን ሞተር ነው የሚለው። ደገፍኩት። እንዲያውም «ገመዱ ጠበቅ ይበል፣ ኮረኮንቹ ላይ እንዳይወድቅ» ብዬ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ጥበቃው ጆቴ የሌሊት ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። ሰኞ «ሞተሩ ተሰረቀ» ተባለ። ጆቴ ታሰረ።

በዚያኑ ዕለት ያየሁትን ሁሉ ለጋሽ ገብረወልድ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና ተነስተው በሩን ዘጉት። ከዚያ «መሳይ፣ ከካህኑ እጅ ተቀብዬ ያቀፍኩህ እኔ ነኝ። አሳምነው በክርስትና ወንድምህ ነው። ክርስቲያን የወንድሙን ገመና ይሸፍናል እንጂ አደባባይ አያወጣም» አሉኝ። «ጆቴስ?» ብላቸው፣ «ማስረጃ ሲያጡ ይለቁታል፤ ትንሽ ታገሥ» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ አበበችማ እውነቱን ሳያውቁ፣ «ድሮስ ማተብ የሌለው ሰው ምኑ ይታመናል!» ሲሉ በግድግዳው ሰማኋቸው። ጆቴ እምነቱ ሌላ ነው፤ ለእሬቻ ቢሾፍቱ የሚወርድ የወለንጪቲ ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ አንገቴ ላይ ያለችውን ክር በጣቴ እያሻሸሁ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ጆቴን ጠየቅኩት። «አካም ጅርታ፣ ምሩቁ! ሽንኩርት ያስለቅሳል እንጂ ያሳስራል የሚል ትምህርት አለ እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ሳቁን ተወውና «ማን እንደወሰደው ብታውቅ ኖሮ አንተ ትነግረኝ ነበር» አለኝ። ሊፈትነኝ አይደለም፤ አምኖኝ ነው። ሚስቱ ጂቱ የምሳውን ሳህን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ አቀበልኩት።

ሌላ ቀን ቃሌን ልሰጥ ቆርጬ ተነሳሁ። ጣቢያው በር ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሽ ገብረወልድን፣ አዲስ ብርድ ልብስ ታቅፈው። «ለጆቴ ነው። የታሰረ ጠይቁ ተብለናል» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የማስመሰል እንባ አልነበረም። አባባ፣ ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ! አሳሪውም ጠያቂውም እሳቸው ሆኑብኝ። ቃሌን ሳልሰጥ አብሬያቸው ተመለስኩ።

አዳማ ላይ እኮ ክርስቲያን ያልሆነ ነገር የለም። ባጃጁ ግንባሩ ላይ የጻድቃን ሥዕል ለጥፏል፤ የስልኩ ጥሪ መዝሙር ነው፤ የእኔም የፌስቡክ ፎቶ በነጠላ የተነሳሁት ነው። እሑድ ቅጽር ግቢው ሞልቶ መንገዱ ይዘጋል። ታዲያ ክርስቲያን ነኝ ማለት እርስ በርሳችን የምንሸፋፈንበት ነጠላ ብቻ ነው? ያ ነጠላ ጆቴን የማያለብሰው ለምንድን ነው? ይህን ለማን ልጠይቅ? ለንስሐ አባቴ እንዳልል፣ የጋሽ ገብረወልድም ንስሐ አባት ናቸው፤ በየት በኩል ብዞር ያው ቤት ነው።

የባሰውን ገና አልነገርኩዎትም። በጥቅምት ሚካኤል ማኅበራችን ነበር። እርስዎ አገር ቤት ሲገቡ ወንበርዎን ስላወረሱኝ፣ በእነዚያ ሽማግሌዎች መሃል የምቀመጥ ወጣት እኔ ብቻ ነኝ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ «የተቀያየመ አለ? የተበደለ አለ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ቂም ያለበትም ሳይታረቅ እንደማይቀምስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ ሙሴያችን ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። ተነስተው ጠየቁ። ሰው ሁሉ «የለም፣ ሰላም ነን» አለ። እኔም አልኩ። በእርስዎ ወንበር ተቀምጬ፣ በእርስዎ ስም አልኩ። ጠጣሁም። የኅዳሩ ተረኛ እኔ ስለሆንኩ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ግንባሬን ስመው አስያዙኝ። ይኸው ራስጌዬ፣ ያው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ወደዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ መተኛት ለምጃለሁ።

ጆቴ አሁንም እንደታሰረ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ። ገመዱን ያሰርኩት እኔ መሆኔንም አልደብቅም፤ ስለዚህ እኔንም ሊይዙኝ ይችላሉ። ሥራው፣ ሰርቪሷ፣ የችግኙም መሬት አብረው ይሄዳሉ። እግሬ እንደ ባለፈው ከበሩ ቢመልሰኝስ ብዬ ፈራሁ። አስቀድሜ የጻፍኩልዎት ለዚህ ነው፤ ደብዳቤው ነገ በአውቶቡስ ሾፌሩ በቶኩማ እጅ ከወጣ በኋላ ጣቢያ ሳልሄድ ብቀር፣ መቅረቴን እርስዎ ያውቁታል።

ለኅዳር ሚካኤል ተራው የእኔ ነው። ዓርብ ስለሚውል ድግሱ የጾም ነው። ከዚህ ግቢ ብወጣ እንኳ የወንጂዋ ጎረቤታችን ሚልካ ቤቷን ፈቅዳልኛለች። ጂቱንም ጠርቻታለሁ። «እኔ እኮ የእናንተ አይደለሁም» ስትለኝ፣ «በሚካኤል ስም የተጠራ እንግዳ አይመለስም» አልኳት። ለምን እንደጠራኋት ግን ገና አልነገርኳትም። ማኅበርተኛው ይምጣ ይቅር አላውቅም። ጋሽ ገብረወልድ መጥተው ያችን ጥያቄ ከጠየቁ፣ በዚህ ጊዜ «አለ» የሚል ሰው ይኖራል።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አያንብቡላት። እትዬ አሰፋሽን ሳሏን በብርድ እንዳታባብሰው ይበሏት። እህቴን ማስተዋልን፣ ፈተናዋን እንዳትፈራ ይንገሩልኝ፤ ትንሿን እህታችንን ቤዚንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። እርስዎን ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ከተቆጡም ተቆጥተው ይጻፉልኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ። ከቻሉ ግን ይምጡ። ወንበርዎን ባዶ አድርጌ እጠብቅዎታለሁ፤ እኔ በሩ አጠገብ፣ ከጂቱ ጎን እቀመጣለሁ።

ልጅዎ መሳይ
አዳማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.