ቀኝ እጅህ እኔ ጋ ነው

ከሰሜን ግብፅ፣ ከአቫሪስ ከተማ፣ አባይ ሞልቶ መጉደል በጀመረበት ወር

ለሆዴ ልጅ ለሰንቢ፤

እንደምን ከረምክ፣ አንተ ልጅ? እኔ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ አለሁ። እህትህ ኬሚ ሆዷ ገፍቷል።

ግን ልጄ፣ በየማለዳው ዳቦ ሳወጣ ምድጃው አጠገብ ትቆማለህ። «ብላ» ስልህ ዳቦውን ታየዋለህ እንጂ አትነካውም። ቀኝ ክንድህን ልብስህ ውስጥ ትሸሽጋለህ። ከእኔ ምን ትደብቃለህ? እኔ እኮ ነኝ የወለድኩህ!

ከደቡቡ ንጉሣችን ጦር ጋር ተሰልፈህ መውደቅህን የሰማሁት ከእህትህ ባል ነው፤ ከዚያ በሠርጉ ቀን «አህያ ቀባሪ ባዕድ!» ብለህ ካዋረድከው ከዚምራን። አቫሪስን የሚገዙት ባዕዳን ጌቶቹ የጠላት ቀኝ እጅ ቆርጦ ላመጣ ወታደር ወርቅ ይሸልማሉ። የተቆረጡትን እጆች ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ መቅበር የዚምራን ሥራ ነው። አንዷን አንስቶ ሲያይ ትንሿ ጣት ጠማማ ሆና አገኛት። ልጅ ሳለህ የወፍጮ ድንጋይ የወደቀባት ጣትህ።

በሽንኩርት ቅርጫት ደብቆ አመጣልኝ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ብሎ እግሬ ላይ ተደፋ። በጥፊ አጮልኩት። ከዚያ አቅፌው አለቀስኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

እጅ የሌለው ሙት በወዲያኛው አገር ምኑን አንስቶ ይጎርሳል? ለካ ርቦህ ነው የምትመጣው። አንጀቴን በላኸው!

ዚምራን «የእኛ ሰዎች ሙታቸውን ቤታቸው ውስጥ ይቀብራሉ፤ ከምድጃው ሥር ይሁን» አለኝ። «ልጄን ከሁለት ከፍዬ ላኑረው?» ብዬ ጮኽኩበት። በማግስቱ «እንግዲያው እኔ አደርስለታለሁ» አለ። የእኛዎቹ የደቡብ ወታደሮች ካገኙት ባዕድ ነው፣ የራሱ ጌቶች ካገኙት ሌባ ነው ብለው ይገድሉታል። ኬሚ «ልጄን ያለ አባት ልታስቀሪው ነው!» ብላ ተንሰቀሰቀች። እውነቷን ነው። እኔ ግን አልከለከልኩትም።

ጸሐፊው ኢፑ «እትዬ፣ ሳህኑ ሞላ፤ አሳጥሪው» እያለ ይነጫነጫል። ለሙት የሚጻፈው በሳህን ላይ ስለሆነ ነው እንጂ የእኔ ነገር መች ያልቃል! እጅህን በጨው አሽቼ በተልባ እግር ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ዚምራን ዳቦህን እዚሁ ሳህን ላይ ያቀርብልሃል።

አሁን እናትህን ስማ። የወደቅክበትን ቦታ ዚምራን አያውቀውም፤ ወጥተህ ጥራው። አታስደንግጠው፣ ጢሙን አትይ፣ ፈሪ ነው። እጅህን ተቀበለው። ብላ፣ ጥገብ። ከዚያ በዚያችው እጅህ እጁን ይዘህ እስከ ደጃችን አድርስልኝ።

አንተ ግን ከደጁ ተመለስ። ቤቱ ሕፃን ሊገባበት ነው። ምድጃው አጠገብ ባላይህም እችለዋለሁ። እችለዋለሁ ብያለሁ።

የሙታን ንጉሥ ኦሲሪስ ደጁ ላይ አያቁምህ። ውሃህ ቀዝቃዛ፣ ጥላህ ሰፊ ይሁን።

እናትህ ሰነብቲሲ