ሃያ ዓመት ያልተከፈተው ጉድጓድ

መጋቢት 3፣ ሰኞ
ገና በሦስት ሰዓት ቆርቆሮው ይንጣጣል። የእንግዳ መታጠቢያ ቤቱ ሸተተ። አባባ፣ ያው አማት አይደሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ "አይጥ ሞታ ነው" አሉ። የምን አይጥ! ማንም ስለማይገባበት፣ ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ ውስጥ የሚተኛው ውሃ ደርቆ ነው። ሽታውን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነበር። ሁለት ጆግ ውሃ ደፋሁበት። ጠፋ።
ባሌ ደወለ፣ ከመንገድ ሥራው። "ቤትህን እየጠገንኩ ነው" አልኩት። "አንቺ እያለሽ ምን አሳሰበኝ" አለ። እውነቱን ነው።
ሦስት ቀሚስ ቆርጬ ጨረስኩ።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ
ዛሬ ደግሞ የኛው ሽንት ቤት። ውሃ ስንለቅበት እያጉረመረመ በግድ ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቆጥበን ነው የምንደፋው፤ ቆሻሻው የሚገፋው አጣ። ግን እሱ ብቻ ነው? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ መቼ እንደተመጠጠ አባባን ጠየቅኩ።
"የኔ ጉድጓድ ሃያ ዓመት ተከፍቶ አያውቅም!" ደረታቸውን ነፍተው። ግንበኛ ነበሩ፤ ይህን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣራው በእጃቸው ያቆሙት።
ሃያ ዓመት... ይሄ የሚያኮራ ነው የሚያስፈራ?

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ
ጓሮውን ዞርኩ። ሳሩ ገለባ ሆኗል፣ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። አጥሩ ሥር ያለው ግን ለምለም! አባባ ወንበራቸውን እዚያ አውጥተው ተቀምጠዋል። "እጄ እርጥብ ነው፣ የነካሁት ይለመልማል፣ አየሽ?" ሳቅኩላቸው። ግን በዚህ ሐሩር፣ ማንም ያላጠጣው ሳር ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ካልሆነ ከየት ይጠጣል?
ከአጥሩ ወዲያ የሳቂታ የውሃ ጉድጓድ ነው። ሳቂታ የምንላት ጎረቤታችን፣ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ የሚገባው። ከቤታችን ግድግዳ እስከ አጥሩ ስድስት እርምጃ፣ ከአጥሩ እስከ ውሃዋ በዓይኔ ስምንት። የልብስ ሰፊ ዓይን ብዙ አይስትም። ልጇ ዓመት አልሞላትም። በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ ተቅማጥ ይዟት ሐኪም ቤት ተወስዳለች።
"በድርቅ የጉድጓድ ውሃ አይታመንም፣ ለልጅቷ ከኛ ቧንቧ ውሰጂ" ብዬ ሁለት ጀሪካን አሻገርኩላት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

መጋቢት 9፣ እሑድ
"አባባ፣ ጉድጓዱ ይከፈት።"
"አይከፈትም።"
"ክዳኑ የት ነው?"
"ረሳሁት።"
የመሠረቱን ድንጋይ በቁጥር የሚያውቁ ሰው ክዳኑን ረሱት! ምሳቸውንም ትተው ተነሡ።
ይነሡ። ረጅም ፌሮ አነሣሁ። ቱቦው ከቤት በሚወጣበት መስመር፣ በየክንዱ መሬቱን እየወጋሁ ሄድኩ። መሬቱ ብረት ሆኗል፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሰባተኛው ላይ "ቷ!" አለ። ሲሚንቶ። አፈሩን ገፍፌ ክዳኑን አወጣሁት። ልብስ ሰፊ ምን ያውቃል የሚል ካለ ይምጣና ይይ።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ
የመምጠጫ መኪናው መጣ። ግቢ አላስገባሁትም፤ ክብደቱ ከመሬት በታች ያለውን ቱቦ ይሰብራል። ከበር ላይ የመምጠጫ ጎማውን ዘረጉ። ሹፌሩ ክዳኑን ሲያነሣ ወደ ኋላ ሸሸ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ጣራ ሠርቷል!" ላይ ላዩን የደረቀው አተላ በዶማ ነው የተሰበረው። "አንገታችሁን እንዳታስገቡ፣ ጋዙ ሰው ይጥላል" እያለ መጠጠው።
ሲያልቅ ከሩቅ በባትሪ አየሁ። ሦስቱ ግድግዳ የተለሰነ፣ ቀጥ ያለ። በአጥሩ በኩል ያለው... ባዶ ድንጋይ። በየመገጣጠሚያው ያለቅሳል።
ዞር ስል አባባ ከኋላዬ። ኮፍያቸውን አውልቀው።
"ሲሚንቶ አለቀብኝ" አሉ። "ያኔ ቢፈለግ አይገኝም። ሰርጋችሁ ሳምንት ቀርቶታል። ሙሽራ ሽንት ቤት ወደሌለው ቤት ትግባ? በኋላ እለስነዋለሁ አልኩ። በኋላ... አፈር አለበስኩት።"
ለኔ ነበር። ለኔ ተብሎ።
እጃቸውን ያዝኩ። ሲሚንቶ የበላው ሻካራ እጅ።
"ለሳቂታ እኔ እነግራታለሁ" ስላቸው ቀና አሉ። "ያጠፋሁት እኔ፣ የምትናገሪው አንቺ? አይሆንም።" ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። አንዲት ቃል አልሸፋፈኑም።
"ልጄ እኮ ከስታለች! አጥንቷ ወጥቷል እኮ!" የሳቂታ ድምፅ ነው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ
በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። "ጀሪካኑን ስታሻግሪ ታውቂ ነበር?"
"ጠርጥሬ ነበር።"
"ታዲያ እኔም እንድጠረጥር ለምን አልነገርሽኝም?"
ከጉድጓዷ በጠርሙስ ውሃ ቅጂልኝ አልኳት፤ ዛሬውኑ ለምርመራ ወሰድኩት። 

መጋቢት 20፣ ሐሙስ
የውሃው ምርመራ ውጤት መጣ። ተበክሏል። ወረቀቱን በእጄ ለሳቂታ ሰጠኋት። ጎማ ከቧንቧችን ወደ ግቢዋ ዘረጋሁ፤ የውሃ ተራ ሲደርሰን መጀመሪያ የሚሞላው የሷ በርሜል ነው።
አዲሱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከቤቱ ማዶ እየተቆፈረ ነው፣ ከሷ ውሃ ራቅ ብሎ። ፍሳሹ ወደ መሬት የሚሰርግበት ማስረጊያም በዚያው በኩል። አሮጌውን ዘጋነው። እስከዚያ የሰፈሩ የጋራ ሽንት ቤት አለ... አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲሰለፉ ማየት ነው!

መጋቢት 25፣ ማክሰኞ
ግንቡ አለቀ። ልስኑን እኔ። አባባ ጉልበታቸው መውረድ እንቢ ስላለ ከላይ ወንበር ላይ ናቸው፤ አፋቸው ግን እንደ ጎረምሳ።
"ቱንቢ ጣልሽ?"
"ጣልኩ፤ ግድግዳው ቀጥ ብሏል።"
"ድገሚ።"
ደገምኩ። በዚህ ፀሐይ የቸኮለ ልስን ይሰነጠቃል፤ በጧት ብቻ ነው የምንሠራው። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ ውሃ። መርፌ የለመደ እጅ የልስን ማንካ አያቅተውም። አራተኛውን ግድግዳ ስጨርስ አባባ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ "ሲሚንቶ ተርፎሻል?" አሉ። "ሁለት ከረጢት።" ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

ሚያዝያ 3፣ ረቡዕ
ትናንት አዲሱን ታንክ በውሃ ሞላን፤ ባዶውን ሥራ አይጀምርም። ውሃው የደረሰበት ላይ በልብስ ጠመኔዬ ምልክት አደረግኩ። ዛሬ አየሁት። ንቅንቅ አላለም!
የውሃ ተራ ስለደረሰ ሳቂታ ጎማውን ወደ በርሜሏ ልትስብ መጣች። "ልጄ ስድስት መቶ ግራም ጨምራለች" አለች። ለኔ ነው የነገረችው። ግን ጮክ ብላ፣ አባባ እስኪሰሙ።

ሚያዝያ 13፣ ቅዳሜ
በታችኛው መንገድ ቤት እየሠራ ያለ ሰውዬ ታንኩን ሊያይ መጣ። ክዳኑ ከመሬት በላይ ነው፤ "በየሦስት ዓመቱ ይከፈት" ብለው አባባ በቀይ ቀለም ጽፈውበታል። ስለ ጥልቀቱ ጠየቃቸው። ነገሩት። ከዚያ ሳይጠየቁ ክንዱን ይዘው በአፈር ወደሞላነው አሮጌ ጉድጓድ ወሰዱት።
"እዚህ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አነሰኝ" አሉት። "ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። የጎረቤቴን ልጅ አሳመምኩ። አንተ ካነሰህ አቁም።"
ሳቂታ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣለች። እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችላቸውም፣ ወር ሙሉ።
"አባባ" አለች። "ፀሐይ ላይ አይቁሙ፤ ወደ ጥላው ይግቡ።"