የለንደኑ የስኳር መለኪያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እኔ ቁጥር አልተሳሳትኩም። ትናንት ማሽኑ አሥራ አንድ አለ፣ እኔም ለልጄ ለአስቴር በስልክ አሥራ አንድ አልኳት። የድሮው መለኪያዬ ተሰብሮ፣ የእህቴ ልጅ ከለንደን ባመጣልኝ ነው የለካሁት። የድሮው መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ነበር የሚለኝ። አስቴር ታዲያ «ኢማ፣ ስኳርሽ ወርዶ ልትሞቺ ነው፣ ቶሎ ማር ላሺ» ብላ ጮኸችብኝ። ምንም አላመመኝም ብላት አልሰማ አለች። ላስኩ። ብለካው አሥራ አምስት። «ገና ነው፣ ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ። የውኃ ጥሙ ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ።

ዛሬ የክሊኒካችን፣ የኩፓት ኾሊሟ ነርስ ማሽኑን አየችና ሳቀች። የለንደኑ በሌላ መለኪያ ነው የሚቆጥር፣ በአሥራ ስምንት አባዢው አለችኝ። አሥራ አንዱ ለካ ሁለት መቶ ገደማ ኖሯል። አስቴር ስኳሬ ወጥቶ ሳለ ነው ማር ያስላሰችኝ። በእኛው መለኪያ አሥራ አንድ ቢሆን ኖሮ ራሴን ስቼ ወድቄ፣ ስልኩን ማን ያነሳላት ነበር?

አብራኝ መጥታ ደግሞ እዚያው እኔ ፊት፣ ዕብራይስጥ የማልሰማ መስሏት፣ ለነርሷ «ኢማ እኮ ቁጥር አታውቅም» ትላለች። ማር ያዘዘችው እሷ፣ የማላውቀው እኔ።

ይኸው በሩን እየደበደበች ነው። «ኢማ ክፈቺልኝ፣ የእኛ አገሩን መለኪያ ገዛሁልሽ» ትላለች። ትቁም። ቁጥር የማላውቅ ሴት እስከ አሥራ ስምንት ቆጥሬ እከፍትላታለሁ።