ዘጠኝ ዓመት የፈሰሰው ውሃ፦ የጋሽ ጠብታ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ጠብታ ከመካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1941 ዓ.ም. ከአባታቸው ጋራዥ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አልጋቸውና የመፍቻው ሳጥን የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ስለነበር እናታቸው «ልጄ ከእኔ ድምፅ ቀጥሎ የለየው የመዶሻ ድምፅ ነው» ይሉ ነበር። እስከ አራት ዓመታቸው የቤቱ ብቸኛ ልጅ ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ሲወለዱ ጋሽ ጠብታ ጎረቤት ቤት ገብተው፣ «እሱ ሲሄድ ጥሩኝ» ብለው እዚያው አደሩ። ታናሹ አልሄዱም፤ ዛሬም በዚህ ሽኝት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ይህ ጽሑፍ ቅናትን በግልጽ የሚያነሳው በራሳቸው ትእዛዝ ነው። «ደግ ነበር፣ ሰው ወዳድ ነበር ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ቅናተኛ ነበር በሉ። የኋላዋን ክዳን ካልጻፋችሁ ወረቀቱን አታባዙት» ብለው ነበር።

በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በሒሳብ ሁለተኛ ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ወንድማቸው በዚያው ክፍል፣ በዚያው መምህር፣ በዚያው ትምህርት አንደኛ ወጡ።

በ1957 ዓ.ም. በአባታቸው ጋራዥ ሥራ ጀመሩ፤ ወንድማቸውም ጥቂት ቆይተው ተከተሏቸው። ጋሽ ጠብታ የሚታወቁት የሞተር ውሃ የሚያፈስበትን ቦታ በመፈለግ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፣ ነጭ የኖራ ዱቄት ይነሰንሱበታል። ከዚያ ራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥመው ግፊት ይሰጡና ሰዓት ይዘው ይቀመጣሉ። ከመኪናው ሥር ነጭ ካርቶን ዘርግተው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጠብታውን ብዛት ይጽፉበታል። ስማቸው የመጣውም ከዚህ ነው። «የሚንጠባጠብበት ቦታ ጥፋተኛ አይደለም፤ ውሃ ቁልቁል ይሸሻል። ከፍ ብሎ የራሰውን ፈልግ» እያሉ በትንሽ መስተዋትና በባትሪ ዱቄቱ የራሰበትን ነጥብ ያሳድዱ ነበር።

ወንድማቸው ደግሞ ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና፣ «እዚህ ጋ ነው» ብለው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። ስማቸውም ጋሽ ጆሮ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ጠብታ ሁለት ሰዓት ለፍተው የደረሱበት ቦታ ወንድማቸው በጣታቸው ያሳዩት ሆኖ ሲገኝ፣ የዚያን ቀን ምሳ አይበሉም ነበር። አባታቸው ለደንበኛው ሁሉ «ይሄን ልጅ ሞተር ያናግረዋል» ይሉ ነበር። ስለ ታላቁ ሲጠየቁ መልሳቸው «እሱማ ጠንቃቃ ነው» ነበር። ጋሽ ጠብታ «ጠንቃቃ» የሚለውን ቃል ዕድሜ ልካቸውን አልወደዱትም።

በ1966 ዓ.ም. ከውድ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት አንድ ምሳ ግብዣ ላይ ነው። ጋሽ ጆሮ ቀልድ አውርተው ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ አንዲት ልጅ ብቻ ዝም ብላ ትበላ ነበር። ጋሽ ጠብታ የዚያኑ ዕለት ሊያገቧት ቆረጡ። ባለቤታቸው «ጆሮዬን ታምሜ እኮ ነው፣ አልሰማሁትም» ያሏቸው ከሠርጉ በኋላ ነው። በትዳራቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1969 ዓ.ም. ጋሽ ጆሮ አግብተው ለሁለት ሳምንት ከከተማ ሲወጡ፣ አባታቸው ከዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላትን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሰማያዊ መኪና «እስኪ ሞተሯን አንተ አድሳት» ብለው ለታላቁ ሰጡ። ጋሽ ጠብታ ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈቱት። በሞተሩ ጀርባ የውሃውን ቀዳዳ የምትደፍን፣ የሲኒ አፍ የምታህል ክብ የብረት ክዳን አለች፤ ከኋላ የተገጠመው የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ካልወረደ አትታይም። አሮጌዋ ዝጋ ነበር። ልኳ የሆነችው አዲስ ክዳን የምትመጣው ሰኞ ነው፤ ወንድማቸው የሚመለሱት ደግሞ ቅዳሜ። ሰኞን ቢጠብቁ ወንድማቸው እጃቸውን ያስገባሉ፤ ምስጋናውም ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በፀጉር ስፋት የምትጠብ ክዳን አንስተው፣ ማጣበቂያ ቀብተው፣ በመዶሻ መትተው አስገቧት። ካምቢዮውን መልሰው ገጠሙባት።

ቅዳሜ ጠዋት አባታቸው መኪናዋን ነድተው ተመለሱና በሠራተኛው ሁሉ ፊት የጋሽ ጠብታን ትከሻ ይዘው «እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!» አሏቸው። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምስጋና ይህ ነበር።

አባታቸው በዓመቱ አረፉ። በኑዛዜያቸው ጋራዡ ለሁለቱ፣ መኪናዋ ለታናሹ ሆነ። ጋሽ ጠብታ «ይገባዋል» አሉ፤ ሦስት ሳምንት ግን ወንድማቸውን ቀና ብለው አላዩም።

በ1971 ዓ.ም. መኪናዋ ውሃ ማጉደል ጀመረች፤ በሳምንት አንድ ብርጭቆ። ቆማ ስትታይ ካርቶኑ ደረቅ ነው። የምታፈሰው መንገድ ላይ ስትግል ብቻ ነበር፤ ያፈሰሰችውንም የጋለው ብረት ያደርቀዋል። ጋሽ ጆሮ የውሃ ጎማዎቹን ቀየሩ፣ ፓምፑን ቀየሩ፣ ራዲያተሩን አስበየዱ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አንስተው ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ጓርኒሽን ለወጡ። ብርጭቆዋ አልቀረችም። ጋሽ ጠብታ በደብተራቸው እያንዳንዷን ብርጭቆ በቀኗ ይመዘግቡ ነበር። ክዳኗ መሆኗን ከመጀመሪያዋ ብርጭቆ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሞተር የሚያናግረው ሰው ይህችን ብቻ አለመስማቱ ደስ አላቸው። ይህንንም ጻፉ ብለዋል።

በሰባተኛው ዓመት የጋራዡ ቀለም ቀቢ «ጋሽ ጆሮ፣ እቺ መኪና ትጠጣለች እንዴ?» ብሎ አሾፈ።

«ባለቤቷ እኔ ሆኜ ባትጠጣ ነው የሚገርመው» አሉት።

«ካምቢዮውን አውርደው ጀርባዋን ለምን አያዩትም?»

«ጀርባዋን የዘጋው ወንድሜ ነው። እሱ የዘጋው አያፈስም።»

ጋሽ ጠብታ ከጎን ባለው መኪና ሥር ተኝተው ይሰሙ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ደስታው ቀረ። ዝምታው ግን ሁለት ዓመት ቀጠለ፤ ከተናገሩ የአባታቸው ምስጋና አብሮ ይሄድባቸዋልና።

በ1980 ዓ.ም. ጋሽ ጆሮ የሥራ ልብሳቸውን ሰቀሉ። «ጆሮዬ ደንቁሯል። የአባባን መኪና መጠገን ያቃተው ሰው የሌላ ሰው መኪና ምን ብሎ ይነካል? ለሚችል ልስጣትና ቤቴ ልግባ» አሉ።

ጋሽ ጠብታ «ቆይ። ካምቢዮውን አውርድ። የኋላዋ ክዳን ልኳ አይደለችም። እያወቅሁ ነው የመታኋት» አሏቸው።

«ውሃውን የምታፈሰው እሷ መሆኗን መቼ አወቅህ፣ ጋሼ?»

«ከመጀመሪያዋ ብርጭቆ።»

«ዘጠኝ ዓመት ውሃ ስቀዳ እያየኸኝ?»

«እያየሁህ። ጽፌዋለሁ።» ደብተሩን ሰጧቸው።

ጋሽ ጆሮ ደብተሩን ይዘው ወጡ፤ አሥራ አንድ ቀን ጋራዥ አልመጡም። ጋሽ ጠብታ በነዚያ ቀናት አንድም ካርቶን አልዘረጉም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሲገቡ ካምቢዮው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ልኳ የሆነች አዲስ ክዳን አለች። ጋሽ ጆሮ ከመኪናው ሥር ሳይወጡ «ና ግባ፣ አንተ ዝጋት። እሱ የዘጋው አያፈስም ብያለሁ፤ ሰው ፊት ውሸታም አታድርገኝ» አሉ።

ጋሽ ጠብታ ቀዳዳውን ሦስት ጊዜ ለክተው ክዳኗን ገጠሟት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ውሃ አላጎደለችም። ወንድማቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሁለቱም በ2003 ዓ.ም. በአንድ ቀን ጡረታ ወጡ። ጋሽ ጠብታ ግን «ይቅር ማለቱም ለእሱ ቀለለው» እያሉ ይህንንም ሲቀኑበት ኖረዋል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ታመሙ፤ ሳንባቸው ውሃ ይቋጥር ነበር። ሐኪሙን «መቅዳቱን ተወውና የሚገባበትን ፈልግ» ይሉት ነበር። ጋሽ ጆሮ በየቀኑ ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን በታማሚው ደረት ላይ ሲያደርጉ፣ ጋሽ ጠብታ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ጠንቃቃ ነኝ ይላል።»

«ውጣልኝ ከዚህ!» ብለው ሳል እስኪያጣድፋቸው ሳቁ።

ጋሽ ጠብታ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተውልናል። አስከሬናቸውን እስከዚህ ያመጣችው ሰማያዊቷ መኪና ናት፤ የነዷትም ወንድማቸው ናቸው። ከመነሳታቸው በፊት ሞተሯን አግለው ከሥሯ ነጭ ካርቶን ዘረጉና አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ቆሙ። ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው፣ በጠብታው ብዛት ቦታ ዜሮ አስፍረው፣ ከዘጠኙ ዓመት ደብተር ጋር አስከሬኑ ሳጥን ውስጥ አኑረውላቸዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ከማንም ጋር በማይወዳደርበት ቦታ ያሳርፍልን።