በስክሪፕቱ ያልነበረው ጩኸት

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ አመል የሆነብሽ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? የእማ ጉልበትስ እንዴት ነው? አባባ በዚያ በደከመ ዓይኑ አሁንም ጋዜጣ ካላነበብኩ እያለ ይነታረካል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ደኅና የነበርኩት እንኳ ያንቺን ወሬ እስክሰማ ነው።

ፊልም ልትሠሪ መመረጥሽን ስትነግሪኝ ከደስታዬ ብዛት የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ የምትጮህ ልጅ እንደምትሆኚ፣ ጉድጓዱም የእውነት ጉድጓድ እንደሆነ ስትጨምሪልኝ ግን ልቤ ተሰቀለ። የፈራሁትን በስልክ እንዳልነግርሽ እማ አጠገብሽ ነበረች። እሷ ደግሞ ስልኩን ነጥቃሽ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ በፊልም ያሳበድሻት አንቺ ነሽ፣ አንቺው ከልክያት» ብላኛለች።

አልከለክልሽም። በየትኛው አፌ? ዘመን የማይሽረውን፣ ሁለት ሰዎች መስኮት አጠገብ ቆመው ዝም ሲባባሉ እንባ የሚያመጣውን ፊልም እወዳለሁ። የጭራቁ ጀርባ ላይ ዚፕ የሚታይበትን ርካሹንም እወዳለሁ፤ አንዳንዴ እንዲያውም አብልጬ፤ ያንን ዚፕ የሰፋው እንደኔው እንቅልፍ ያጣ ልብስ ሰፊ ነዋ! ደም፣ ጩኸትና የሴት ገላ ቸርችረው የሚያድሩትን እንኳ በጅምላ ቆሻሻ ናቸው አልልም። ጨዋው ፊልም የማይደፍረውን እውነት አፍ አውጥቶ የሚናገር ከመሃላቸው አይጠፋም። አንጀቴን የሚያቆስለው ሌላ ነው፤ ፍርሃትን ከትወና ማውጣት ሲያቅታቸው እውነተኛውን ፍርሃት ከሰው ላይ የሚነጥቁት። ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው።

ባለፈው ዓመት የአንድ የሙት መንፈስ ፊልም ልብስ ሰፊ ነበርኩ። እዚያ ሁሉም «መርፌ» ነበር የሚሉኝ። ዋናዋ ተዋናይ ያንቺ እኩያ፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ ቀሚሷን እየለካሁ ወሬ ስንጠርቅ እህትማማች ሆንን። አንድ ቀን በሚቀረጸው ትዕይንት መስታወት ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተኝታ ከውጭ ይቀረቀርባታል፤ ጭስ በቱቦ ይለቀቅባታል፤ እሷ መስታወቱን እየደበደበች «አውጡኝ!» ትላለች። ከመግባቷ በፊት ዳይሬክተሩን፣ ጭሱ ቢበዛብኝ በምን ታውቃላችሁ ብላ ጠየቀችው። «መስታወቱን ምቺ» አላት። መምታቱ ራሱ ትወናው እንደሆነ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ካሜራው ተነሳ፤ ጭሱ ገባ። ደበደበች፤ ጮኸች። ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ «እንዳታቆሙ፣ እንዴት ታምራለች!» ይላል። እውነትም ታምር ነበር፤ እኔም ፊልም ወዳድ ነኝና አፌን ከፍቼ አያለሁ። ድንገት «አውጡኝ» ማለቷን ተወችና «መርፌ!» አለች። ደገመችው። ስክሪፕቱ ላይ መርፌ የሚባል ሰው የለም። ክፈቱላት ብዬ ስሮጥ መብራት የሚይዘው ሰውዬ ክንዴን ጨምድዶ «ቀረጻ ላይ ናቸው» አለኝ። ነከስኩት፤ አዎ፣ በጥርሴ። መቀርቀሪያው በመብራቱ ሙቀት ጠብቆ እምቢ አለኝ። በመቀሴ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው እጄ ላይ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ እስኪመለስ ያለውን አልጽፍልሽም።

እግዜር ይመስገን ተረፈች። እኔን ግን ቀረጻ አበላሸሽ ብለው አባረሩኝ። የት አበላሽቼ! እኔ ከመግባቴ በፊት ያለችውን ትዕይንት ከነ«መርፌ» ጩኸቷ ቆርጠው ፊልሙ ውስጥ አስገቧት። አሁን የፊልሙ ወዳጆች እሁድ እሁድ ከሰዓት እንደ ማኅበርተኛ እየተሰበሰቡ ያዩታል፤ ንግግሩን ሸምድደው ከተዋናዮቹ እኩል ይላሉ። አንድ እሁድ ሄድኩ። ሳጥኑ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ «መርፌ!» ብሎ ጮኸ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ባላውቅ ኖሮ እኔም አብሬ እጮህ ነበር። ተሳስቀው ሲወጡ እኔ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ።

እና እህቴ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከመውረድሽ በፊት የምትወርጂበትን ገመድ የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠይቂ። በትወናሽ ውስጥ ፈጽሞ የሌለ አንድ ቃል ምረጪ፤ ያንን ስትዪ ሁሉን ጥሎ የሚጎትትሽ ሰው በዓይንሽ ይታይ። ዳይሬክተሩ «አታካብጂ» ካለሽ ቦርሳሽን አንሥተሽ ወደ ቤት። ደህና ፊልም ሠሪ ከዚህ ጥያቄ አይሸሽም። ይህን ጻፊላት ያለችኝ ያቺው ተዋናይ ናት፤ ዛሬ መድረክ ላይ ትሠራለች፤ ከጭስ ግን እስካሁን ትሸሻለች።

እኔም አሁን ከምሠራበት የመጋረጃ ስፌት ቤት ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ከቀረጻሽ በፊት ለመድረስ ትኬት ቆርጫለሁ። መንገድ ቢያዘገየኝ እንኳ እኔ ሳልደርስ አትውረጂ። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጎረቤቴ ነገ ማለዳ ትነሳለች።

የእማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስልኩን ዘግታብኝ ነበር፣ አልተቀየምኳትም በያት። ለአባባ መነጽር ይዤለት እመጣለሁ። ታላቅ ወንድማችንን ከነባለቤቱ፣ አክስታችንንም ከነነገረኛ ምላሷ ሰላም በይልኝ። ያንን ገመድ ያዥ ግን እጁን ሳላየው ሰላም አልለውም።

ታላቅ እህትሽ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 18 ቀን