አሥራ ሁለተኛዋ መርፌ

ኖቬምበር 12
የግራውን ክንፍ ጨርቅ ሰፍተን ጨረስን። ጣቶቼ አብጠዋል። የፋብሪካው ወንዶች ይህችን አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን «ላሟ» ይሏታል... ሆዷ ሰፊ ስለሆነ። ለሙከራ የተሠራች ናት፣ በፈረንሳይ አገር ሁለተኛ የላትም። ጨርቁ እንዲወጠር የሚቀባው ቀለም ሽታው ራስ ያዞራል፤ ማርከሻ ነው ተብሎ ወተት ይሰጡናል። አጠገቤ የምትሰፋው ኤርኔስቲን ብርጭቆዋን አንስታ «ላም እየሰፉ ወተት ካልጠጡማ ምኑን!» አለች።

ኖቬምበር 13
ምን ነክቶኝ ነው? ጠዋት እያንዳንዳችን አሥራ ሁለት መርፌ ቆጥረን እንወስዳለን፣ ማታ አሥራ ሁለት እንመልሳለን። ትናንት ማታ የኔ አሥራ አንድ ሆነ። እማዬ ፍራሽ የምትሰፋባት ቆልማማ መርፌ ሳላውቅ ከቤት ይዣት ወጥቼ ኪሴ ውስጥ ነበረች... ጨመርኳት። አለቃችን ማዳም ቫሲየ ቆጠረች። «አሥራ ሁለት። ደህና እደሪ፣ ዜሊ።» የጠፋችው ግን ክንፉ ውስጥ ተሰፍታ ቀርታለች። እርግጠኛ ነኝ።

ኖቬምበር 15
እማዬ መርፌዋን ስትፈልግ ቤቱን ገለበጠችው። አብሬያት ፈለግኩ።

ኖቬምበር 18
ሦስተኛው ዙር ቀለም ተቀባ። ጨርቁ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አብራሪው ሙሴ ጎቲዬ መጥቶ ክንፉን በጣቱ አንኳኳ። በወሩ ሃያ አምስት ያበራታል፣ ከጦር ሚኒስቴር ሹማምንት ይመጣሉ። እንደ ዋዛ ጠየቅኩት፦
«ትንሽ ብረት ውስጡ ቢቀር ምን ይሆናል?»
«የመሪው ገመድ የሚዞርበት መዘውር ውስጥ ከገባ መሪው ይያዛል።» ሳቀ። «ትልቁንማ አይተን እንሸሸዋለን። የሚገድለን ትንሹ ነው።»
ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ። ለምን አየሁት?

ኖቬምበር 21
ተናገርኩ። ክንፉ ከተቀደደ የበረራው ቀን ያልፋል፣ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ... ሁሉንም አውቅ ነበር። የማዳም ቫሲየ ፊት ነጣ።
«ቆጠራው ልክ ነበር እኮ!»
«ልክ አልነበረም፣ ማዳም።»
ወንዶቹ ጨርቁን ቀደዱት። ሦስት መርፌ ወጣ። ሦስት! የኔ አንዷ ብቻ ናት። ቀና ብዬ ሳይ ሴቶቹ በሙሉ ወለሉን ያያሉ። ኤርኔስቲንም።

ኖቬምበር 22
ተባረርኩ። ሌላ ማንም አልተባረረም። ማዳም በሩ ላይ የእማዬን መርፌ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ይቺ የኛ አይደለችም» አለች። «ሃያ ዓመት ቆጠርኩ... ቁጥሩን እንጂ መርፌውን አላየሁም።» ተናድጄባት ነበር፤ ግን አሳዘነችኝ።

ኖቬምበር 25
የቅድስት ካትሪን ቀን። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ስላላገባሁ የላጤዎቹ ባርኔጣ ይገባኛል። ኤርኔስቲን ቢጫና አረንጓዴ ሠርታ ቤት ድረስ አመጣችልኝ። ደረጃው ላይ ቆማ «ከመርፌዎቹ አንዷ የኔ ነበረች» አለች።
«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር። አለቀሰች... ባርኔጣውን አደረግኩት።

ዲሴምበር 9
ከእማዬ ጋር ፍራሽ መስፋት ጀምሬያለሁ። ማታ መርፌዎቹን የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ አንድ በአንድ እያየሁ። ዛሬ ግቢ ውስጥ ሱፍ ስናፍታታ ድምፅ መጣ። ላሟ! ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ከብዷት፣ ቀስ እያለች።
«ያንቺ ናት?» አለች እማዬ።
«የግራ ክንፏ።»
ወደ ግራ ጋደል አለች... ቆየች... ቀና አለች። ያኔ ነው የተነፈስኩት። ሙሴ ጎቲዬ የኔን ስም እንኳ አያውቅም። ይሁን።
እማዬ ሰማዩን ትታ እጇን ዘረጋች። «መርፌዬን አቀብዪኝ። ደግሞ እንዳትጠፋብሽ።»
አቀበልኳት።